7.62 ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ጠመንጃ፣ ጥይት እና የዒላማ መነጽር ማወቅ ያለባችሁ

«አያቴ የተወልኝ ምንሽር አለ። ጥይቱ ግን ጠፋ። የክላሽ ጥይት ይሠራለታል ወይ?»

ይሄ ጥያቄ በእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ የአያት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየን ያደግን ብዙ ነን። ጠመንጃው ይወረሳል፤ ጥይቱንና እውቀቱን ግን ሁሉም አይወርስም። አጭሩ መልስ «አይሠራም፤ እንዳትሞክረው» ነው። ረጅሙን መልስ ከታች አዘጋጅተነዋል። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፤ አንድ ቀን የአንድን ሰው ዓይን ወይም ጣት ሊያተርፍ ይችላል።

▪️ ስሞቹ ከየት መጡ?

የድሮ ጠመንጃዎቻችን ስም አብዛኛው የውጭ ስም ነው፤ አያቶቻችን በአፋቸው አለስልሰው የራሳቸው አደረጉት።

ውጅግራ፦ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት የ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። «ፉዚ» ማለት ጠመንጃ፣ «ግራ» ደግሞ የሠሪው መኮንን ስም ነው። 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም እርሳስ ይተኩሳል፤ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ከተተኮሰ በኋላ ቀለሃውን አውጥቶ ሌላ ማጉረስ ነው።

ሰናድር፦ የእንግሊዙ «ስናይደር» ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞት የመጣው ይኸው ነው።

ምንሽር፦ ስሙ ከኦስትሪያው «ማንሊከር» የመጣ ነው ይባላል። ዛሬ ግን ብዙ ሰው በእጅ እየተሳበ የሚያጎርስ ማንኛውንም የድሮ ጠመንጃ ምንሽር ይለዋል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። «ምንሽር» ተብለው የተቀመጡ ሁለት ጠመንጃዎች ፈጽሞ የተለያየ ጥይት የሚበሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቤልጅግ፦ ቤልጅየም ውስጥ የተሠራ ማለት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ በፊት በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤፍ ኤን ከተባለው የቤልጅየም ፋብሪካ የማውዘር ጠመንጃ አስገዝተው ነበር።

በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲወጡ የምናስበው የአድዋ ድል (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) የተገኘው በእነዚህ መሣሪያዎች ዘመን ነው። በጦርና በጎራዴ፣ በፈረስም ብቻ አልነበረም። ጣልያኖቹ በብዛት ይዘውት የነበረው ቬተርሊ የተባለ ጠመንጃ 10.35 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የእኛዎቹ ውጅግራና ሌሎችም። ሁሉም የየራሱን ጥይት ይፈልጋል። ያኔም ቢሆን ጥይቱ የሌለው ጠመንጃ ከዱላ አይሻልም ነበር።

▪️ ጥይት እንዴት ይነበባል?

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ከላይ እርሳሱ፣ ከውጭ ቀለሃው፣ ውስጡ ባሩዱ፣ ከግርጌው መሀል ደግሞ መርፌ ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን።

ስሙ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 7.62×39። የመጀመሪያው የእርሳሱ (የአፈሙዙ) ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው የቀለሃው ርዝመት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አደጋው ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። እዩት፦

• 7.62×39 — የክላሽና የሲሞኖቭ
• 7.62×51 — የጂ 3 እና የሌሎች የኔቶ ጠመንጃዎች
• 7.62×54 — የራሺያው ሞሲን፤ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው
• 7.62×63 — የአሜሪካው ኤም ዋን፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ እርዳታ ወደ አገራችን የገባ
• 7.92×57 — የቤልጅግና የጀርመን ማውዘር
• 7.7×56 — የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ
• 6.5×52 — የጣልያኑ ካርካኖ

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሁሉም «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» ናቸው። አንዱ ግን የሌላውን ቦታ አይተካም።

▪️ «ገባ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ምንሽሩ 7.92×57 ማውዘር ነው እንበል። የክላሽ ጥይት ቀለሃው በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ቀጠንም ይላል። ሲገባ ይላወሳል። መርፌው ቢመታውና ቢተኩስ ቀለሃውን ዙሪያውን ደግፎ የሚይዘው ግድግዳ የለም። ቀለሃው ይቀደዳል፤ የጋለው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኋላ ደግሞ ያለው የተኳሹ ፊት ነው።

ከዚህ የሚብሰው በግድ ሳይሆን በቀላሉ የሚገባው ነው። 7.92×57 የማውዘር ጥይት ለ7.62×63 በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ቀለሃው ስለሚያጥር ቦታ ያገኛል። እርሳሱ ግን ከአፈሙዙ ይወፍራል። ያ ወፍራም እርሳስ በጠባቡ አፈሙዝ ውስጥ በግድ ሲገፋ ግፊቱ ከልክ በላይ ይሆናል። በዓለም ላይ በዚህ ስህተት የፈነዱ ጠመንጃዎች አሉ። ሁለቱም ዓይነት ጠመንጃዎች በአገራችን ስላሉ ይሄ ለእኛ ተረት አይደለም።

ሌላው የባሩዱ ጉዳይ ነው። ውጅግራና እሱን የመሰሉት የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ብዙ ጭስ፣ ትንሽ ግፊት። ጭስ አልባ ባሩድ የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው፤ ፈረንሳይ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ለበል የተባለውን ጠመንጃ ስታወጣ። የአዲሱን ባሩድ በአሮጌ ቀለሃ ሞልቶ በውጅግራ መተኮስ የሸክላ ድስትን እንደ ብረት ድስት ፍም ላይ ጥዶ መርሳት ነው።

▪️ የድሮ ጠመንጃ በእጃችሁ ካለ

በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ካዝናውን አውጡ ወይም አራግፉ፤ ከዚያ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። «ባዶ ነው ብለውኛል» ማስረጃ አይደለም።

በመቀጠል እነዚህን ተመልከቱ፦

1. አፈሙዙ ላይና ጉሮሮው አካባቢ የተጻፈ ቁጥር አለ? የጥይቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ቁጥሩ ከጠፋ በግምት አትሂዱ፤ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ይለካው።

2. ከኋላ ብርሃን ይዛችሁ በአፈሙዙ ውስጥ ተመልከቱ። ጠመዝማዛ ቦዮች ይታያሉ። እርሳሱን እያሽከረከሩ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። በዝገት ከተበሉ ጠመንጃው ዒላማ አይመታም። ቱቦው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ደግሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ቅርስ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

3. ሰደፉ ተሰንጥቋል? በሽቦና በጠፍር የታሰረ ሰደፍ ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ ለተኩስ አይሆንም።

4. ጥይቱ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ፣ እርሳሱ የሚነቃነቅ ወይም ቀለሃው የተጨራመተ ከሆነ አይጎረስም።

ሁለት ነገር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ። ቃታ ተስቦ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ወዲያው አትክፈቱት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አሮጌ ባሩድ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። የወትሮው ድምፅ ሳይሆን ደከም ያለ «ፑፍ» ብቻ ከተሰማ ደግሞ እርሳሱ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ጥይት አታጉርሱ። ተከታዩ ጥይት የተዘጋ ቱቦ ነው የሚያገኘው።

▪️ ለምን ሥራ የትኛው?

ጥሩ ጠመንጃ ማለት ትልቁ ማለት አይደለም። ለሥራው የሚመጥነው ነው።

ለዒላማ ስፖርት፦ የኦሊምፒክ ተኳሾች የሚጠቀሙት ብዙዎቻችን ከምንገምተው ያነሰ ነገር ነው። በ10 ሜትር ውድድር የሚተኮሰው በታመቀ አየር የሚገፋ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ነው። የዒላማው መሀል (አስር ነጥብ የሚያሰጠው) ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእስክሪብቶ የተነካ ነጥብ አስቡት። በ50 ሜትር የሚተኮሰው 5.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ጥይት ነው፤ እርሳሱ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። አጉሊ መነጽር በእነዚህ ውድድሮች አይፈቀድም። በቀዳዳ ማነጣጠሪያ ነው የሚያዩት። የሚገርመው ተኩስ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው በመጀመሪያው የአቴንስ ውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1896፣ ከአድዋ አንድ ወር ገደማ በኋላ።

ጀማሪ በዚህ ትንሽ ጥይት የሚለማመደው በምክንያት ነው። አይረግጥም፣ ድምፁ አያስደነግጥም፣ ዋጋውም ያንሳል። በትልቅ ጠመንጃ የጀመረ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ያን ልማድ ማስተው ደግሞ ከባድ ነው።

ለአደን፦ እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ እንስሳው ሳይሠቃይ በአንድ ጥይት መውደቁ ነው። የጥይቱ ጉልበት የሚመጣው ከእርሳሱ ክብደትና ከፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለማነጻጸር፦

• ትንሿ 5.6 — ወደ 140 ጁል
• የክላሽ 7.62×39 — ወደ 2,000 ጁል (8 ግራም እርሳስ፣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ)
• ውጅግራ — ወደ 2,500 ጁል (25 ግራም፣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ)
• 7.62×63 — ከ3,500 ጁል በላይ

አያችሁ? ውጅግራ ከክላሽ የሚበልጥ ጉልበት አለው፤ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ ጥይቱ በርቀት ቶሎ ይወርዳል። በሕጋዊ አደን እንደ ደጋ አጋዘን ላለ እስከ 300 ኪሎ ለሚደርስ እንስሳ አዳኞች 7.62×63ን ወይም ከእሱ ጠንከር ያለ ይመርጣሉ። ለጎሽ ደግሞ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዝቅተኛው 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው «375» ነው።

የእርሳሱ ዓይነትም ይለያል። የወታደር ጥይት ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነ ነው፤ ይበሳና ያልፋል። የቆሰለው እንስሳ ጫካ ገብቶ ለቀናት ሲሠቃይ ይሞታል፤ በስቶ ያለፈው ጥይት ደግሞ ከኋላ ያለውን ይመታል። የአደን ጥይት ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ሲመታ እንዲሰፋና ውስጥ እንዲቀር ተደርጎ ነው የሚሠራው።

▪️ መነጽር፦ ቁጥሩ ምን ይላል?

ቲክቶክ ላይ የምታዩት ግዙፍ መነጽር ሁሉ ጥሩ አይደለም። 4×32 የሚል ካያችሁ 4 ማለት አራት እጥፍ ያቀርባል፣ 32 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው በሚሊ ሜትር። 3-9×40 ከሆነ ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይለዋወጣል።

ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት። 32 ለ 4 = 8። ይሄ ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተው እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 4×32 በማለዳና በምሽት ብሩህ ነው። 3-9×40 በዘጠኝ እጥፍ ሲሆን 4.4 ብቻ ይቀረዋል፤ ምስሉ ይጨልማል። ማጉላት በጨመረ ቁጥር ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል።

ሌላው በዓይንና በመነጽሩ መካከል የሚኖረው ርቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ይሄን ያላወቀ ሰው ዓይኑን ያስጠጋል፤ ጠመንጃው ሲረግጥ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቡን ይሰነጥቀዋል። በሌላው ዓለም የተኳሽ ሁሉ ቀልድ ነው፤ ለደረሰበት ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

ማስተካከያው ላይ 1/4 የሚል ከተጻፈ አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ጥይቱ 14 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ 20 ጠቅታ ገደማ ወደ ላይ ማለት ነው። በ50 ሜትር ከሆነ የምትለማመዱት ጠቅታው ግማሽ ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ እጥፍ ያስፈልጋል። በአንድ ጥይት ደግሞ አትፍረዱ፤ ሦስት ተተኩሶ መሀላቸው ይወሰዳል። ሦስቱ ከተበታተኑ ጥፋቱ የመነጽሩ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የላላ ማሰሪያ ወይም የተኳሹ ትንፋሽ ነው።

ለእንጅባራ ሰው ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ ጥይትን ብዙ አያግድም። ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ እዚህ በሩቅ ዒላማ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል፤ በ100 ሜትር ግን ልዩነቱ አይታይም። ሁለተኛ፣ ጭጋጋችንና ዝናባችን። ውስጡ በደረቅ ጋዝ ያልታሸገ ርካሽ መነጽር ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ውስጡ ያልባል። ጠመንጃውም በጨርቅ ወይም በቆዳ ተጠቅልሎ ክረምቱን ከከረመ እርጥበት ይዞ ይዝጋል። ማድረቅ፣ ስስ ዘይት መቀባት፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

▪️ ወደ ሰማይ የተተኮሰ የት ይወድቃል?

ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ በዓል ላይ ወደ ላይ የሚተኮስ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቢወርድ እንኳ የ7.62 እርሳስ በሰከንድ እስከ 90 ሜትር ገደማ እየበረረ ይወርዳል፤ ይሄ የራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል። ዘንበል ብሎ የተተኮሰ ከሆነ የበለጠ ፍጥነት ይዞ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወድቃል። ያቺ ትንሿ የስፖርት ጥይት እንኳ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳለች።

ማለትም እናንተ እንጅባራ ሠርግ ላይ ደስታችሁን ስትገልጹ፣ ከከተማው ጫፍ ግቢዋ ውስጥ ልብስ የምታሰጣ እናት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ማን እንደተኮሰ እሷም አታውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ጆሮንም አትርሱ፦ የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ እንኳ መስማትን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ሙሽሮቹ ጆሮ ላይ መተኮስ ስጦታ አይደለም።

▪️ ሕጉስ?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መግዛትን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል። «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ማለት ፈቃድ አይተካም። የወረሳችሁት ካለ ወደሚመለከተው የፖሊስ አካል ሄዳችሁ ስለ ምዝገባው ጠይቁ። መነጽርና መሰል ተጨማሪ ዕቃም በቴሌግራም ከማዘዛችሁ በፊት መጀመሪያ ጠይቁ፤ ከኬላ ላይ ማስረዳት ይከብዳል።

አደንን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ያለ ፈቃድ ሚዳቋም ሆነ ድኩላ መግደል ወንጀል ነው፤ «ማሳዬ ውስጥ ገባ» የሚለውም ሰበብ አያድንም። ሕጋዊ አደን የሚካሄደው ለአደን በተከለሉ ቦታዎች፣ በኮታና በክፍያ ነው። በአያቶቻችን ዘመን ገዳይ ተብሎ መሸለም ክብር ነበር። ያኔ ግን የዱር እንስሳው ብዙ፣ ጠመንጃው ጥቂት ነበር። ዛሬ ተገላብጧል።

▪️ አራቱ ነገሮች

ሌላው ሁሉ ቢረሳ እነዚህ አይረሱ፦

1. ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንዳለው ይቆጠራል፤ ባዶነቱን ራሳችሁ እስክታዩ፣ ካያችሁም በኋላ።
2. ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር አፈሙዝ አይዞርም። ለሰልፊም ቢሆን።
3. ዒላማው ላይ እስኪወሰን ድረስ ጣት ቃታ ውስጥ አይገባም።
4. ከዒላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳይታወቅ አይተኮስም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ጠመንጃና ጥይት በአንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ሁለቱም ተቆልፈው፣ ከልጆች ርቀው። በዚህ ዘመን መሣሪያ ብዙ ቤት ገብቷል፤ ልጆች ደግሞ አባታቸው የደበቀበትን ቦታ አባታቸው ከሚገምተው በላይ ያውቃሉ።

የአያታችሁ ምንሽር እንግዲህ ምን ይሁን? ባዶነቱ ይረጋገጥ፣ ይመዝገብ፣ ይጽዳ፣ ግድግዳው ላይ ይመለስ። ጥይት ከመፈለግ በፊት ታሪኩን ጠይቁ፦ ማን ተሸከመው፣ የት ዋለ፣ በማን እጅ መጣ? ያንን የሚነግሯችሁ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱት።

ለሚመለከተው ጓደኛችሁ አድርሱለት። በተለይ ሰሞኑን ሠርግ ላለበት።